የእማዬ የናስ አምባር

ለወንድም ጋሼ ኢቶሮ፣

በመካከላችን ካለው ባሕር ማዕበል የበዛ ሰላምታዬ እምትሠራበት የካካዎ እርሻ ድረስ ይድረስህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ገበያ የምንገበያይበት የናስ አምባር ገንዘብ መሆኑ ቀረ። እንግሊዞቹ በሽልንግ እየለወጡ በጆንያ ሰበሰቡት። እማዬ ግን የእጇን አንዱን፣ “ይሄ የሙሽርነቴ ነው፣ ገንዘብ አይደለም!” ብላ አስቀረች። ድሮ በሳሙና እንኳ አልወጣ ብሎ አንጥረኛው በጉጠት የታገለውን ታስታውሳለህ? ባለፈው ወር ከእጅ አንጓዋ እየወለቀ ስላስቸገራት ከክርኗ በላይ አደረግንላት። ትናንት ሾርባ ስታማስል ከዚያም ሾልኮ ድስቱ ውስጥ ገባ። “ጨው አንሶት ነበር” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሾርባውንም አልቀመሰችው።

ዛሬ አምባሩን በክር አሰርኩላት። “ጠበቅ አርጊው፤ ኢቶሮ ሲመጣ እንደ ድሮው ሆኖ ይየው” አለችኝ። አንተ ደግሞ “ለገና እመጣለሁ” እያልክ ስንት ገና አለፈ! አሁንስ ገናን አትጠብቅ፤ የመጀመሪያውን መርከብ ያዝ። ክሩ ስስ ነው።

ደመወዝህን አልጠየቅንህም፤ ባዶ እጅህንም ቢሆን ና። የአባታችን አምላክ ማዕበሉን ያርግብልህ።

እማዬ አጠገቤ ተጋድማ፣ “ደህና ነን ብለሽ ጻፊ” ትለኛለች። ይኸው ጽፌያለሁ።

እህትህ ምፎን