የሰፋሁት መጽሐፍ

ቤኬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። መጀመሪያ ላይ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ግን እንባ እንጂ ቃል አልወጣኝም። ዛሬ የምጽፍልህ ኀዘኑ ስላለቀልኝ እንዳይመስልህ። አንገሽግሾኝ ነው። ለሌላ ሰው ባወራው ሐሜት ይሆንብኛል፤ ላንተ ግን ምንጊዜም የሆዴን ነግሬህ ነው የኖርኩት።

ቤቱ ደህና ነው። ያፈስ የነበረው ጣራ ተጠግኗል፤ የስፌት መኪናዬንም ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ልጃችን ጫልቱ ባኮ ተመድባ ታስተምራለች። የቅዳሜ ወንበሮቻችሁ ግድግዳ ተደግፈው እንደቆሙ ናቸው፤ ለሰው አላዋስኩም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንተ፣ ባልንጀራህ መምህር ዲንሳና ከእጃጂ በአውቶቡስ የሚመጣው ነርሱ ፈይሳ ተሰብስባችሁ አንድ መጽሐፍ በየተራ ጮክ ብላችሁ ታነቡ ነበር። ጉሮሯችሁ ሲደርቅ አምቦ ውሃ ትቀዳላችሁ። ፈይሳ አማርኛው ሲከብደው በኦሮምኛ ይቀጥለዋል፤ ከመጽሐፉ ይልቅ የእሱ ትርጉም ያስቃችሁ ነበር። እኔ መኪናዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። አንብቢ ስትሉኝ ግን፣ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው እየተንተባተብኩ መሳቂያ አልሆንም ብዬ እንቢ አልኩ።

ዲንሳን ደግሞ አያስችለውም። በሳምንቱ መሀል መጽሐፉን ተውሶ ወደፊት ያነብና ቅዳሜ ሁሉ ነገር ፊቱ ላይ ይታወቅበታል። ያኔ ነው መጽሐፉን ጭኔ ላይ ጥለህ ስፊው ያልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ያልተነበበውን ሃያ ሃያ ገጽ ለየብቻ ጥቅል አድርጌ፣ ዳሩን በወስፌ እየበሳሁ በጥቁር ክር ሰፋሁት። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዷን ጥቅል ብቻ እተረትርላችሁ ነበር።

አንተ ስትሄድ አራት ጥቅል ቀርቶ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ያለችው የወፍጮ ቤቷ ሴት የጠፋ ልጇን ታገኘው ይሆን እያልክ አልጋ ላይ ሆነህ እንኳ ትጨነቅ ነበር። ክሩን ልፍታልህ ስልህ ግን ያለ ጓደኞቼ አይሆንም አልክ።

ለሙት ዓመትህ ዲንሳ መጥቶ፣ በከተማው አዳራሽ የመታሰቢያ የንባብ ዝግጅት ስላለን መጽሐፉን ስጪኝ አለ። እጄ ይሰበር፣ ሰጠሁት። አዳራሹ ስገባ ፎቶህ ያለበት ትልቅ ባነር፣ ማይክሮፎን፣ ስልክ ደቅኖ የሚቀርጽ ሰው። አንተን የማያውቁ ሰዎች ስላንተ ተናገሩ። ከዚያ ዲንሳ ከረቫቱን አስሮ ወጣና፣ ሕዝብ የሚወደው መጨረሻውን ነው ብሎ፣ ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ የመጨረሻውን ጥቅል ክር ሰው ፊት በጠሰው። መሀሉን ያልሰሙ ሰዎች አጨበጨቡለት። እኔ ጆሮዬን በነጠላዬ ደፍኜ ወጣሁ። አንተ በሞት አፋፍ ላይ ሆነህ የታገስከውን፣ እሱ ለቪዲዮ ሲል አልታገሰም።

አሁን መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ ትፊ ትፊ ይለኛል። ይቅር በይው እንደምትለኝ አውቃለሁ። አልችልም። ራሴንም ተጸይፌያለሁ፤ የሰፋሁትም እኔ፣ አሳልፌ የሰጠሁትም እኔ።

መጽሐፉን አስመልሼ በዚያው ቀዳዳ ሰፋሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ፣ ፈይሳ መጣ። የአዳራሹ ቀን እሱም ከኋላዬ ወጥቶ ኖሯል፤ መጨረሻውን አልሰማም። እስከዚያ ያልመጣው ዲንሳን ባለማስቆሙ አፍሮ ነው። በሩ ላይ ቆሞ አካም ጅርቱ ብሎ ደህንነቴን ጠየቀኝ። ሁለት ወንበር አወጣሁ፤ አንዷን ጥቅል ተረተርኩ። አነበበ፣ ሲደክመው በኦሮምኛ ቀጠለ፣ ከዚያ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፋው። ቤኬ፣ አነበብኩ። ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ አንድ ገጽ ሙሉ። ፈይሳ አልሳቀም። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አልቀረም።

አሁን አንድ ጥቅል ቀርቶናል። የፊታችን ቅዳሜ እፈታዋለሁ። እንዳይጠፋኝ እያንዳንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ። ያቺ ሴት ልጇን ታግኘውም አታግኘው አልረሳውም፤ ስመጣ የምነግርህ እኔ ነኝ።

ሌንሴ