በእንግሊዝኛ ፈተና እህቴን የገደልኩበት ቀን

ለውድ ታላቅ እህቴ ለዝላትካ፦

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? እንደምን ከረምሽ? ክንድሽስ፣ ያ መርፌ የሚሰኩበት ቦታ እብጠቱ ጎደለልሽ? እግርሽ ዛሬም ጫማ አልገባ ይልሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ በልቻለሁ እያልሽ ሰውን ትሸነግያለሽ? እኔ ካንቺ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። እማዬም ጉልበቷን እየረገመች ዶሮዎቿን ታባርራለች። ስታመን ወይኑን ከርክሞ ጨረሰና አሁን ወገቤን ብሎ ተጋድሟል፤ ባሌ መቼም ሥራው አንድ ቀን፣ ሕመሙ አንድ ሳምንት ነው። ከተማችን ሎም እንደምታውቂያት ናት፤ የዳኑብ ወንዝ ሞልቶ ወደቡ ላይ ያሉትን ወንበሮች ውጧቸዋል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም ውሸታሞች ነን። አንቺ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ እኔ እሰይ እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ዝናብ እናወራለን። ወረቀት ላይ መዋሸት ግን አይሆንልኝም።

እዚያ አንቺ ያለሽበት ከተማ፣ ኮርክ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ የመካከለኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ምስክር ወረቀት ካላመጣሽ አንቀጥርሽም አለኝ። አንቺ ደግሞ ሥራ ሳትይዢ እንዳትመጪ፣ እኔን ላስታምም ብለሽ የሰው አገር ላይ እንድትንከራተቺ አልፈልግም ብለሽ ማልሽብኝ። ምን ላድርግ? በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ደብተር ገዛሁ። ከልብስ ስፌቱ ስወጣ በሳምንት ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍቱ እየሄድኩ እማር ነበር። አስተማሪያችን ዴልያና ናት፤ የፖስተኛው ልጅ፣ አፍንጫዋን እየጠረግሽ ያሳደግሻት። አሁን ቀይ እስክሪብቶ ይዛ እኔን ትቆጣለች!

ሰዋስዉ ጉድ ነው እህቴ። ጀምሮ ያላቋረጠ ነገር የራሱ አነጋገር አለው፤ ያለቀለት ነገር ደግሞ ሌላ። ዴልያና እያንዳንዳችሁ ከሕይወታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ስትለን፣ እኔ እህቴ አሥራ አንድ ዓመት ኮርክ ኖራለች የሚለውን ሠራሁ። እንዲህ ከተባለ እስከ ዛሬም እዚያው አለች ማለት ነው አለችኝ። ደስ አለኝ። ልብስ ስሰፋ እሱን ነው የምለው፣ ድንች ስልጥ እሱን ነው የምለው። የጸጸቱን ግን አልወደድኩትም፤ እንዲህ አድርጌ ቢሆን ኖሮ የሚባለውን። የቤት ሥራ ተሰጥቶኝ፣ ቀደም ብዬ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ብዬ ጀመርኩና ሳልጨርሰው ደብተሩን ዘጋሁት።

ዴልያና ግን ከሰዋስዉ ይልቅ ያስጨነቃት ራሳችን ነበር። የሄድሽ ሰሞን የጻፍሽልንን ታስታውሻለሽ? ዳቦ ሻጯ ዳቦ ትፈልጊያለሽ ስትልሽ፣ እንደ አገራችን አዎን ለማለት ራስሽን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብታወዛውዢ፣ አልፈልግም ያልሽ መስሏት ባዶ እጅሽን የሸኘችሽን? ፈታኞቹ የውጭ ሰዎች ስለሆኑ ዴልያና ያንን ፈራች። ስለዚህ በየአናታችን ላይ የቆርቆሮ ሳህን አስቀምጣ ታናግረን ጀመር። ሳህኑ የወደቀበት ዓረፍተ ነገሩን አሥር ጊዜ ይደግማል። ጡረተኛው ሹፌር ጋሽ ግሮዝዳን፣ ያ እዚህ ቅርባችን ወዳለችው ሞንታና አውቶቡስ ይነዳ የነበረው፣ «አንቺ ልጅ፣ ቋንቋ ነው ወይስ ሰርከስ የምታስተምሪን?» ይላታል፣ ሳህኑም ካናቱ ላይ ኳ! ይላል። ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። የኔ ሳህን አንድ ቀን እንኳ አልወደቀም። ዴልያና ጎበዝ አለችኝ፤ እኔም ልቤ አበጠ።

ቅዳሜ ማርች 9 በጠዋቱ ባቡር ለፈተናው ሶፊያ ሄድን፣ እኔና ጋሽ ግሮዝዳን። የጽሑፉን እንደ ምንም ተወጣሁት። ከሰዓት የቃሉ ሆነ። ፈታኟ ጸጉሯ የነጣ፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴትዮ ናት። ስለ ቤተሰብሽ ንገሪኝ አለችኝ። እህቴ አሥራ አንድ ዓመት ኮርክ ኖራለች አልኳት፣ ጥርት አድርጌ። ቀጥዪ አለችኝ። ኩላሊቷን ታማለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ትሄዳለች ስላት ድምፄ ከዳኝ። ሴትዮዋ ዝቅ ብላ፣ እህትሽ አሁን በሕይወት አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! አዎን ልላት ስል ራሴ ቀደመኝ። ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ አለች አለች እያልኩ ነቀነቅኩት። ሴትዮዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነፍሷን ይማር አለችኝ።

አሁን የምነግርሽን ለካህን እንኳ አልተናዘዝኩትም። ያደረግሁት ወዲያው ነው የገባኝ። ላስተካክል አፌን ስከፍት ሴትዮዋ የባቡር ጣቢያ ሥዕል ፊቴ አኖረችና ሁለት ደቂቃ አለሽ አለችኝ። ሰዓቱ ቆጠረ። እኔም ስለ ነጥቡ ብዬ ዝም አልኩ። አንቺን ሞተሽ ትቼ፣ ሰውዬው ሻንጣ ይዟል፣ ሴትዮዋ ባቡር ትጠብቃለች እያልኩ ሥዕል ተረኩ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ! ምላሴን ምነው በቆረጠው።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ግሮዝዳን እንዴት ሆነልሽ ሲለኝ ገደልኳት አልኩት። «ማንን? ፈታኟን?» አለ። ስነግረው ሳቁ ጠፋ፤ ክፉ እንዳይደርስ ብሎ የተቀመጠበትን የእንጨት ወንበር ሦስት ጊዜ አንኳኳና «ተመለሽና አስነሻት፣ እንዲህ ያለ ነገር አያድርም» አለኝ። በሩን ስከፍት ሌላ ተፈታኝ ተቀምጧል። በር ጠባቂው ክንዴን ያዘኝ። እኔ ግን ከደጅ ሆኜ፣ የትኛው አነጋገር እንደሚስማማ ሳልመርጥ፣ እህቴ አልሞት! እህቴ አለ! ብዬ ጮህኩ። ሴትዮዋ ብድግ አለች። ይግባት አይግባት አላውቅም። በሩ ተዘጋ። ውጤቱ ማርች 30 ነው፤ ረብሻ ብለው ከሰረዙኝም ይሰርዙኝ።

ማክሰኞ ብደውል አላነሳሽም። ረቡዕ ስድስት ጊዜ ደወልኩ፣ አላነሳሽም። ያኔ በራሴ ሟርት ጨረስኳት አልኩና ዶሮ ቤት ገብቼ ተንሰቀሰቅሁ። እማዬ በከዘራዋ በሩን ገፋ አድርጋ ቆመች። እንደምታውቂው ያንቺን ሕመም ደብቀናታል፤ እንግሊዝኛውንም ለሥራ ነው ብያት ነበር። «ዝላትካ ናት አይደል?» አለችኝ። ማን ነገረሽ ብላት፣ «እናንተ ስትዋሹ ድምፃችሁ ይቀጥናል፤ ከገና ጀምሮ ሁለታችሁም እንደ ወባ ትንኝ ነው የምታወሩት» አለች። ከዚያ ወረቀቱ ሲመጣ እሄዳለሁ ብላት ተቆጣች። «ወረቀቱ ሊያስታምማት ነው? ወረቀት ጠብቀሽ ብትደርሺና ባታገኚያትስ ወረቀቱን ምን ልታደርጊው ነው?»

ሐሙስ ስታነሺ፣ ተኝቼ ነበር እኮ ብለሽ ስትስቂ፣ እኔም ሳቅሁልሽ። ስልኩን ዘግቼ ግን በቀጥታ ትኬት ልቆርጥ ሄድኩ።

እንግዲህ እህቴ፣ ማርች 25፣ ሰኞ፣ እመጣለሁ። ውጤቱ ሳይወጣ፣ ሥራ ሳልይዝ። ትኬቱ ተቆርጧል። አትምጪ ብለሽ ብትጽፊ መልስሽ የሚደርሰው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ አስቤበት ነው በደብዳቤ ያደረግሁት። ብትደውዪ ደግሞ አላነሳም፤ አሁን ተራው የኔ ነው። አልጋ ከሌለሽ መሬት እተኛለሁ። ካለፍኩ እሠራለሁ፤ ከወደቅሁ አንቺን እጥበት አድርሼ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቅሻለሁ። ለዚያ ሰዋስው አያስፈልገኝም።

ስታመን በርቺ ብሎሻል፤ የቃሪያ ድልህ ሁለት ጠርሙስ ይልክልሻል፣ ጨው የለውም። ልጄ ኔዳ ከነባሏ ሳሚልን ብላለች። ዴልያና እጅ ትነሳለች። ጋሽ ግሮዝዳን እንኳን ተነሣሽ ብሎሻል። ለአከራይሽ ለወይዘሮ ኖራ፣ መርፌውን ለምትሰካልሽም ነርስ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ እጇን ቀስ ታድርገው።

እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ ይህችን ጻፊልኝ ብላለች፣ እንዳለችው ጽፌዋለሁ፦ «ልጄ፣ እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ልትደብቂኝ የምትችዪው ነገር የለም። አሞሽ እንደሆነ አሞኛል እማዬ በይኝ። አይዞሽ ልልሽ እፈልጋለሁ፤ ደህና ነኝ ለሚል ሰው ግን አይዞሽ አይባልም።»

ታናሽ እህትሽ ራዲና
ሎም፣ ማርች 16 ቀን 2019