ልጆቹ ያጠኑልሽ ትምህርት

ውድ ኢሽቤል፣

ስምሽ ከመምህራን መዝገብ ከተሰረዘ ወዲህ አልተነጋገርንም። መንገድ ላይ ስታዪኝ ዘወር ብለሽ ዓሣ መሸጫው ትገቢያለሽ። ዓሣ እንደማትወጂ ደግሞ አውቃለሁ።

“ዩና በቅናት መሰከረችባት” ይላል ሰዉ። ቀንቻለሁ፤ አልክድም። የመሰከርኩት ግን እውነቱን ነው። ሁለቱን ለያይተሽ ስሚኝ።

ለብዙ ዓመታት ግድግዳ ለግድግዳ ሆነን ኬሚስትሪ አስተማርን። ሰሌዳው ላይ ስሌት ሲጠፋብሽ “እንግዲህ ልጆች፣ ያየው ሰው አለ?” ትያለሽ፤ ሳቃቸው እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል። እኔ አንዲት ቁጥር ሳልስት ደወሉ ይደወላል፤ ልጆቹ ከቃጠሎ እንዳመለጠ ሰው ይወጣሉ። “ለሚስ ቱሎክ” የተባለ የገና ካርድ አንቺ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። ለእኔ የሚሰጠኝ የሒሳብ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም ለሁሉም ይሰጣል።

ከዚያ፣ አሲዱን ውሃ ላይ በመጨመር ፈንታ አሲድ ላይ ውሃ የጨመርሽ ቀን መጣ። ፈንጥቆ የተማሪሽን የኪርስቲን እጅጌ በላው፤ ቆዳዋን ለጥቂት ሳተ። ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ገዲስ እኔን ደጋፊሽ አድርጎ መደበኝ። ደንቡ ነው፤ አንድ መምህር አልቻለም ሲባል መጀመሪያ ይደገፋል፣ ክፍሉ ገብተው ያዩታል፣ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካልሆነ ብቻ ጉዳዩ ኤድንብራ ወዳለው፣ ስም ወደሚሰርዘው የመምህራን ምክር ቤት ይሄዳል። እናም አንቺ ሻይ ታፈያለሽ፣ እኔ አስረዳሽ ነበር።

“አንቺ ስትነግሪኝ ይገባኛል፤ ልጆቹ ፊት ስቆም እንደ ጉም ይተንብኛል” ትዪኝ ነበር።

የመጨረሻው ምልከታ ሲቃረብ ተማሪዎችሽ በምሳ ሰዓት በሬን አንኳኩ። ክፍሉ በሙሉ።

“ሚስ፣ የሞል ስሌት ያስረዱን።”

“እኔ የእናንተ መምህር አይደለሁም።”

“እናውቃለን፤ ግን ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቀው የለም” አለች ኪርስቲ።

ሳምንቱን ሁሉ ምሳዬን እየተውኩ አስተማርኳቸው። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እያንጎራጎርኩ ስገባ ባለቤቴ “ምነው፣ ደመወዝ ጨመሩሽ?” አለኝ።

የምልከታው ቀን ገዲስ፣ የትምህርት ቢሮዋ ሴትና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ጥያቄውን ጽፈሽ ሳትጨርሺ ኪርስቲ መለሰችው። ስትሳሳቺ ጥያቄ አስመስለው አረሙሽ። “ሚስ፣ እዚያ ጋ በሁለት አይካፈልም እንዴ?” ቃላቱ የእኔ ነበሩ። ምሳ ሰዓት የመጡት አንቺን ለማዳን ነው።

ስንወጣ ኪርስቲን ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

“ለምንድን ነው ይህን ያደረጋችሁት?”

“ሚስ ቱሎክ ከሄደችማ ትምህርት ቤት መምጣቱ ምን ያደርጋል?” አለችኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች።

ገዲስ ግን የራስሽን ስህተቶች ቆጥሮ ጉዳዩን ኤድንብራ ላከው። ምክር ቤቱ ፊት ጠበቃሽ ያንን ቀን በማስረጃነት አቀረበ። “ተሻሽላለች፤ ተማሪዎቿ አንድም ጥያቄ አልሳቱም” አለ። ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች።

“ይህን ያስተማረቻቸው እሷ ናት?”

“አይደለችም። እኔ ነኝ።”

“እኔ ነኝ” ስል ድምፄ ከሚገባው በላይ ከፍ አለ። አንቺም ሰምተሽ ቀና አልሽ። ውሸት ግን አልነበረም። አንቺ ዘንድ ቢቆዩ ኖሮ ፈተናውን ይወድቁ ነበር፤ ኪርስቲም አንድ ቀን ክንዷ ይቃጠል ነበር። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

ክፍሉን ለእኔ ሰጡኝ። የፈተናው ውጤት ትናንት መጣ፤ ሁሉም አልፈዋል፤ ኪርስቲ ደግሞ ከሁሉም በልጣለች። በር ላይ ተሰብስበው ሲጠብቁኝ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ፀጉሬን አስተካከልኩ።

“ሚስ፣ የሚስ ቱሎክ ቤት የት ነው? ውጤታችንን ልናሳያት ነው” አሉኝ።

ነገርኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ይመጣሉ። ኬክ ጋግሪላቸው፤ አስቂያቸው፤ እሱን ትችያለሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ኬሚስትሪውን ማን እንዳስተማራቸው ጠይቂያቸው። ስሜን ሲጠሩ ምን ዓይነት ፊት እንዳሳዩ ጻፊልኝ፤ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።

መልስሽን የምትጠብቀው፣
ዩና