ሁለተኛ ፎቅ ውሃ እስኪወጣ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ደመና። ዝናብ ግን የለም። በስብሰባው ላይ የነበርነው የሆስፒታሉ ኃላፊ ዶክተሩ፣ የአዋላጆች አለቃ ሲስተር፣ እኔ።

ኢንጂነሩ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዷል። ዶክተሩ የአዲሱን ሕንፃ ነገር ማን ይከታተል እያለ ክፍሉን ቃኘ። ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። የአንሶላና የጽዳት ኃላፊ ነኝ... ሕንፃ ውስጥ ምን አገባኝ? የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ስትተዪ አይቼሽ አላውቅም አለኝ። በ24 ማዋለጃ ክፍሉ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ይዛወራል። እንግዶች ተጠርተዋል።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ? እምቢ ማለትም ጉልበት ይጠይቃል።

ቤት ስገባ ለባሌ እህት ነገርኳት። ባሌ የሞተ ጊዜ ላጽናናሽ ብላ መጣች፤ በዚያው ቀረች። እንግዲህ እራትም በስብሰባ ሊሆን ነው አለች። ስቃ ስታበቃ ፊቴን አየችው። እኔም እንድስቅ ጠብቃ ነበር መሰለኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ኢንጂነሩ መሳቢያው ውስጥ የሥልጠና ወረቀት ትቶ ሄዷል። የፕሮጀክት አመራር መሠረታዊ ነገሮች ይላል። ከመሐሉ ገጾች ተገንጥለዋል። ለኔ አዲስ አይደለም። እስከ ዛሬ ያነበብኩት ሁሉ እንዲህ ነው... የጋዜጣ ቁራጭ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ ልጆች የጣሉት ደብተር። የጎደለውን ከራሴ እሞላለሁ።

ፕሮጀክት ማለት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ነው ይላል። እንግዲያው አንሶላ ማጠብ ፕሮጀክት አይደለም። ሐዘንስ?... ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሥራውን ከፋፍሉ ይላል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም እወቁ። ምን ሊበላሽ እንደሚችል አስቀድማችሁ አስቡ። ሠራተኞቹን አንድ ላይ ሰብስቡ፤ እየተያዩ ይናገሩ።

ይቺን የመጨረሻዋን ዘለልኳት። የሕንፃውን ኮርኒስ የሚሠሩት አናጢ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ከሚሆኑት ጋር ደርድሬ ሥራዎን ከምን አደረሱት ልበላቸው? ነውር ነው። እየዞርኩ ለየብቻ እጠይቃለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ፀሐይ። የሕንፃውን ሦስት ሠራተኞች አገኘኋቸው።

ቧንቧ ሠራተኛውን ሰው ሁሉ ምንቀረው ነው የሚለው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ውሃው እንዴት ሆነ አልኩት። ምን ቀረው እትዬ አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ወጣት ነው፤ የአናጢውን ልጅ ያገባ። እሱም ትንሽ ናት፣ ታልቃለች አለ። አናጢው ክፍት የሆነውን ኮርኒስ ቀና ብለው አዩና እየተገባደደ ነው ልጄ አሉ።

ወረቀቴ ላይ በሦስቱም ትይዩ ምልክት አደረግኩ። ዶክተሩ ሲጠይቀኝ ደርሷል ማለት ይቻላል አልኩት። ደስ አለው። እኔ ደስታም ድካምም አልተሰማኝም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ መርፌ እንደተወጋ ድድ... በጣቴ ብነካው የሌላ ሰው።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የባሌ እህት ጠዋት አየችኝና፣ «አንቺ ባል የሞተብሽ ሳይሆን ሰዓት የቆመብሽ ነው የምትመስዪው» አለችኝ። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ነፋስ። ሲስተር አዲሱን ክፍል ልይ ብላ አብራኝ ወጣች። ግድግዳውን ወደደችው። መስኮቱንም። ከዚያ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፈተችው። ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው አየር ተፋ። ውሃ የለም።

የታለ አለችኝ። ምን ቀረው ብለዋል አልኳት። እሱን አልጠየቅኩሽም አለች።

«ውሃ በሌለበት ክፍል አንዲት እናት አላስተኛም። ስትወልድ ምን ያህል ደም እንደሚፈስ ላንቺ አልነግርሽም። አንሶላውን የምታጥቢው አንቺ ነሽ።»

በልቤ በባልዲ ደረጃውን ስንወጣ አየሁ። ሴትዮዋ አልጋው ላይ፣ እኛ ደረጃው መሐል።

ሦስቱን ሰዎች እንደገና ዞርኳቸው። በዚህኛው ዙር ቆሜ ፈጠጥኩባቸው። ምንቀረው ፓምፑ መብራት ከተለቀቀለት ወዲያው ይነሳል አለ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ራሱን አከከና የመብራቱ ሽቦ ኮርኒሱ ላይ የሚታሰር ስለሆነ... ብሎ ተወው። አናጢው ልጆቹ የቱቦውን ፍተሻ ይጨርሱ እንጂ እኔስ ዝግጁ ነኝ አሉ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው መብራት ይጠብቃል። መብራቱ ኮርኒስ ይጠብቃል። ኮርኒሱ ውሃ ይጠብቃል። ቱቦው ሳይፈተሽ ኮርኒስ ቢዘጋ፣ ካፈሰሰ ሊፈርስ ነው። ሦስቱም እውነታቸውን ነው። ሦስቱም ቁጭ ብለው ይጠባበቃሉ። እኔ ደግሞ ምልክት አድርጌላቸዋለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ለአናጢው ወንበር፣ ለሌሎቹ የተገለበጠ ባልዲ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ የአንሶላ ቅርጫት ታቀፍኩ።

ደረሰ ወይ ብዬ አልጠይቅም አልኳቸው። የያዛችሁ ማነው ነው የምጠይቀው።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጫማውን ያያል። አናጢው ጣሪያውን። በመጨረሻ ወጣቱ ተነፈሰ።

«የአማቴን ስም አንስቼ ማታ የት ልግባ?»

አናጢው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥለው ሳቁ። እኔስ ብሆን የልጄን ባል በሰው ፊት ሰነፍ ላሰኘው ነበር ወይ አሉ። ተከባብረው ነው ለካ ሥራው የቆመው። ማንም ማንንም ላለማሳጣት።

ምንቀረውን አንተስ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ሌላ ሰው ቢሆን የሚቀየም ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«እትዬ፣ ሰው እንዴት ነዎት ሲልዎ ምን ይላሉ?»

«ደህና ነኝ።»

«እህሳ።»

ቅርጫቱን አስቀምጬ ከሦስቱ ጋር ተስማማን። ነገ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከታች ጊዜያዊ መስመር ስቦ ለፓምፑ ይሰጣል። ኮርኒስ አያስፈልገውም። ያን ያህል ቀላል ነበር?

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ፓምፑ ተነሳ። ሁላችንም ቧንቧው ዙሪያ ቆመናል፣ ሲስተርም አለች። ቧንቧው አየር ተፋ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ውሃ። መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ ንጹሕ። ምንቀረው አጨበጨበ።

አንዲት ጠብታ ሲስተር ትከሻ ላይ ወደቀች። ቀና አልን። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ... ከዚያ በጅረት። የማዋለጃው አልጋ ከሚቆምበት ቦታ ልክ ከላይ።

ኮርኒሱን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ... አሉ አናጢው። አልጨረሱትም።

ምንቀረው መሰላል ላይ ወጥቶ ብዙ ቆየ። ሲወርድ ፊቱ አመድ መስሏል። መገጣጠሚያው ብቻ አይደለም፤ ቱቦው ከዳር እስከ ዳር መለወጥ አለበት አለ። እስከ 24 ይደርሳል ወይ አልኩት። አፉን ከፈተ። ያን ቃሉን ሊል ነበር። ዋጠው።

«አይደርስም እትዬ።»

ሐሙስ፣ የካቲት 20

ዶክተሩ ቢሮ በር ላይ ቆምኩ። ትንሽ ይቀረዋል ብል... እየተጣደፈ ነው ብል... ስንት ለስላሳ ቃል አለ። እንግዶቹ ይመጣሉ፣ ሪባን ይቆረጣል፣ እናቶቹ ይዛወራሉ፣ ውሃው በባልዲ ይወጣል። ማንም እኔን አይጠይቅም። ምልክቴ አለ።

«አልደረሰም» አልኩት።

«ደርሷል ብለሽኝ አልነበር?»

«ብዬ ነበር። ሳላይ ነው ያልኩት።»

ቱቦውን፣ አልጋውን፣ ሁሉንም ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ፣ አነሳ፣ አስቀመጠ። እንግዶቹን ምን ልበላቸው አለ። አልደረሰም ይበሏቸው አልኩ። ውጪ ጠብቂ አለኝ።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ስልክ ሲደውል ድምፁ በበሩ ይሰማል። ይቅርታ ይጠይቃል። እንደገና ይደውላል፣ እንደገና ይቅርታ። ያን ሁሉ ሰው በኔ ምክንያት ይለምናል። ሲወጣ አላየኝም።

«መጋቢት 8። ከዚያ ካለፈ እዚህ ቢሮ ሌላ ሰው ነው የሚቀመጠው። አንቺንም ማዳን አልችልም።»

«እሱም የማይደርስ ከሆነ ቀድሜ እነግርዎታለሁ።»

አሁን አየኝ። ረጅም ጊዜ።

ደረጃውን ስወርድ መደገፊያውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ገረመኝ። ፈርቼ ነበር ማለት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ልንዛወር የነበረበት ቀን። በአሮጌው ማዋለጃ ነን። ሙቀት።

ረፋዱ ላይ አንዲት እናት መጣች። ልጁ ወጣ፣ ደሙ አልቆም አለ። ሲስተር እጇን ትታጠባለች፣ ትመለሳለች፣ ትታጠባለች። ቧንቧው ሌላውን ሰው ሁሉ ረስቶ ለእሷ ብቻ የሚፈስ ይመስል ነበር። እኔ አንሶላ አቀብላለሁ። አንዱ ሳይደርቅ ሌላው።

ሴትዮዋ ተረፈች። ልጁም።

ሲስተር ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ስለ ላይኛው ፎቅ አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። አንሶላዎቹን ዘፍዝፌ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አሁን ጠዋት ጠዋት እየተሰበሰብን እንናገራለን፤ ቆመን፣ አጭር። እያንዳንዱ የያዘውን ነገር ብቻ። ዛሬ አናጢው፣ ይኼ አማቼ መሰላሌን ወስዶ አልመለሰም አሉ፣ በሰው ፊት። ወጣቱ መሰላሉ ባይኖር ልጅዎን አላገባም ነበር፣ በመስኮት ነው የወጣነው አለ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ዛሬ ማታ ቤቱ የሚገባ ይመስለኛል።

ቱቦው ግማሽ ደርሷል። ግማሽ ስል ሄጄ አይቼ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ፍተሻ። ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ ሲሠራ ዋለ። ወለሉ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ጠብታ ጠበቅኩ። ደረቅ። ለዶክተሩ ደርሷል አልኩት። አይተሻል አለኝ። አይቻለሁ አልኩ።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ተዛወርን። እንግዳ አልነበረም። ዶክተሩ ራሱ አልጋ ተሸከመ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ነፋሻ። ሰማዩ ጠርቷል።

ሳይነጋ ነቃሁ። አልጋው ላይ ወደ ባሌ ጎን ተንከባልዬ ነበር። እዚያው ትንሽ ቆየሁ። ተነሳሁ፣ አልጋውን አነጠፍኩ፣ ሻይ ጣድኩ።

የባሌ እህት ፊቷን ሳትታጠብ መጣች። እንዴት አደርሽ አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ መልሱን ሳትጠብቅ ስኳር እየፈለገች።

«አልተኛሁም። ናፈቀኝ።»

ማንኪያዋን ይዛ ቆመች። ቀልድ የምትፈልግ መሰለኝ። አላገኘችም። አጠገቤ ተቀመጠች።

«እኔም» አለች።

ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አበላሸው። ተነስቼ ወለወልኩት። እንደገና ጣድኩ። ጠጣን።

በእግሬ ሄድኩ። የታጠፈ አንሶላ ተሸክሜ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩ። እጄን ልታጠብ ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃው በጣም ይቀዘቅዛል፤ ጣቶቼን ቆረጠመኝ። እጄን አላወጣሁም።

ሲስተር ከኋላዬ ደረሰች። ደረጃው ላይ አዋላጆቹ አንዲት እናት ደግፈው ያወጣሉ።

«እትዬ፣ ዞር በይ፣ ልታጠብ።»

ዞር አልኩላት።