ለጥራት ስለሄደው ማይክሮስኮፕ

ለተከበሩ ዶክተር ባንተአምላክ ይስሃቅ
የቡርቃ ጋራ ዩኒቨርሲቲ የአካዳሚክ ጉዳዮች ምክትል ፕሬዚዳንት፣ እንዲሁም የዚያው ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ቦርድ ሰብሳቢ
ቡርቃ ጋራ ከተማ፣ አርሲ

የተከበሩ ሰብሳቢ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና ለመላው የቦርዱ አባላት የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የኅዳር ውርጭ በዚህ ደጋ እንዴት እንደሚበረታ ስለማውቅ ቢሮዎ እንዲሞቅ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ ከሁሉም በላይ ትኩሳት የሚባል ነገር ወደ ደጅዎ ዝር እንዳይል እመኛለሁ። ይህ የመጨረሻው ምኞት የይስሙላ አይደለም፤ በዚህ ከተማ ትኩሳት የያዘው ሰው ምን እንደሚገጥመው ከዚህ በታች በዝርዝር ስለማስረዳ ከልቤ መሆኑን ይረዱልኛል።

እኔ ወልደ ሚካኤል ጡረታ የወጣሁ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ስሆን፣ በአሁኑ ጊዜ የሰፈራችን እድር ዳኛ ነኝ። የባለቤቴ የወይዘሮ አሰፋች አርባ በወጣ ማግስት በእርስዎ ፊርማ የተጻፈ ደብዳቤ ደርሶኛል። በደብዳቤው የማኅበረሰብ ተወካይ ሆኜ የቦርድዎ አባል እንድሆን፣ የመጀመሪያ ሥራዬም በሚመጣው ሐሙስ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ገምጋሚዎች ፊት በአካል መገኘት እንዲሆን ጋብዘውኛል። ላደረጉልኝ ክብር አመሰግናለሁ። መልሴን በአደባባይ የማቀርበው፣ የማኅበረሰብ ተወካይ ማኅበረሰቡ የማያውቀውን ነገር ቢጽፍ ነውር ይሆናል ብዬ ነው። ከመልሴ በፊት ግን በልቤ የቆዩ ጥቂት ነጥቦች ስላሉኝ፣ የድሮ ሙያዬ እንዳስለመደኝ በተራ ቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመራሩ። ቦርዱ የሚመረምረው የአካዳሚክ ዘርፉን ሥራ ነው፤ የአካዳሚክ ዘርፉ የበላይ እርስዎ ነዎት፤ የቦርዱም ሰብሳቢ እርስዎ ነዎት። በፍርድ ቤት ባገለገልኩበት ዘመን ሁሉ ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆኖ የተሰየመበት ችሎት አጋጥሞኝ ስለማያውቅ፣ ይህ አሠራር ስንት ክርክርና ስንት ቀጠሮ እንደሚያድን ሳልረዳ አርጅቻለሁ። እርስዎ በምክትል ፕሬዚዳንትነትዎ ለሰብሳቢው ሪፖርት ያቀርባሉ፤ በሰብሳቢነትዎ ሪፖርቱን መርምረው ምክትል ፕሬዚዳንቱን ያመሰግናሉ፤ ምክትል ፕሬዚዳንቱም ምስጋናውን በትሕትና ይቀበላሉ። እንዲህ ያለ መግባባት በባልና ሚስት መካከል እንኳ አይገኝም። እኔና አሰፋች ዕድሜያችንን በሙሉ በሬዲዮ ድምፅ ስንነታረክ ነው የኖርነው። አሁን ሬዲዮውን የፈለግሁትን ያህል ከፍ ማድረግ እችላለሁ፤ ብቻ እሷ ካረፈች ወዲህ ከፍቼው አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ አባላቱ። የተማሪዎች ተወካይ የሆነው ኤልሮኢ ከተመረቀ ቆይቷል፤ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ፣ በዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት የፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ ይኖራል። ተማሪዎቹን የሚወክለው ሁሉም ኮፒ ለማስደረግ ወደ እሱ ስለሚሄዱ ይመስለኛል፤ ከቦርዱ ሁሉ ተማሪ በየቀኑ የሚያገኘው እሱ ብቻ በመሆኑ በምርጫዎ ልወቅስዎ አልደፍርም። የቀጣሪ ድርጅቶች ተወካይ ደግሞ ሁሩታ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚነግዱት አማችዎ አቶ ወንደሰን ናቸው። አቶ ወንደሰን ቅን ሰው ናቸው፣ በባለቤቴም ቀብር ላይ ተገኝተዋል፤ ብቻ የሕክምና ላቦራቶሪ ምሩቅ ቀጥረው ምን እንደሚያሠሩት እስካሁን አልነገሩንም። የማኅበረሰብ ተወካይ የነበሩት የእህል ነጋዴ ወደ አዳማ ከተዛወሩ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነበር። አንባቢዬ ይህን ባዶ ወንበር ልብ ይበልልኝ፤ የሚቀጥለው ነጥብ ሁሉ ከእሱ የመጣ ነውና።

ሦስተኛ፣ ስለ ማይክሮስኮፑ። የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት ክፍልዎ ፈቃድ እንዲታደስለት ገምጋሚዎች በመስከረም መጨረሻ መጥተው ነበር። ትምህርት ክፍሉ የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ስላልነበረው፣ ቦርድዎ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ያለውን አንዱን ማይክሮስኮፕ ለአንድ ቀን ተውሶ ወሰደ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ በእርስዎ ዘመን ግን ተረቱም ተሻሽሏል፣ ምክንያቱም ገምጋሚዎቹ አይተው ተደስተዋል። ሆኖም በራሳችሁ መመሪያ መሠረት የማኅበረሰብ ተወካይ ያልተገኘበት ግምገማ ስለማይጸድቅ፣ ባዶው ወንበር ጉዳዩን አጓተተውና ገምጋሚዎቹ ለኅዳር ሌላ ቀጠሮ ይዘው ተመለሱ። ቦርዱም ለሁለተኛው ጊዜ እንደገና ከመዋስ ይልቅ ማይክሮስኮፑን እዚያው ቆልፎ ማቆየት የተሻለ ነው ብሎ ወሰነ። አርቆ አሳቢነቱ የሚደነቅ ነው።

ባለቤቴ በዚያው ሰሞን ኦጎልቾ የወለደች የእህቷን ልጅ ልታርስ ሄዳ ጥቂት ቀን አድራ ተመለሰች። ኦጎልቾ ቆላ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ወባው እንደሚበረታ እንኳን እኛ፣ የጋሪ ፈረሶቻችንም ሳያውቁ አይቀሩም። በተመለሰች በሳምንቷ ብርድ ብርድ አላት፣ ከዚያ አንቀጠቀጣት። ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኳት። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ኢፍቱ ደም ልትቀዳ ተነሥታ መልሳ ቁጭ አለች፤ «ያ ረቢ! ጋሼ፣ ማይክሮስኮፑ እኮ የለም፣ ለጥራት ሄዷል» አለችኝ። ቶሎ ውጤት የሚሰጠው ትንሹ መመርመሪያም አልቆ ነበር። ደሟ ሳይታይ ታይፎይድ ይሆናል ተባለና የታይፎይድ መድኃኒት ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። እንደ ታዘዘላት አንድም ሳታዛንፍ ዋጠችው፤ አሰፋች ሐኪም ያለውን የምታከብር ሰው ነበረች።

በማግስቱ ሲብስባት ባጃጅ ይዤ ወደ ግቢዎ መጣሁ። ዘበኛው ዲሪባ ያውቀኛልና አስገባኝ፤ ማይክሮስኮፑን በላቦራቶሪው መስኮት በኩል አየሁት። መስታወት ባለው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ሪባን ታስሮለት፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ተቀምጧል። ዲሪባ ዓይኔን ለማየት አፍሮ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ጋሼ፣ በእኔ ቢሆን ተሸክሜ አመጣልዎት ነበር፤ ቁልፉ ዶክተር ኪስ ነው፣ ዶክተር ደግሞ አዳማ ናቸው» አለኝ። የጥራት ባህልን ስለ ማስረጽ ሥልጠና ላይ እንደ ነበሩ በኋላ ሰምቻለሁ። ስልክዎ ላይ ደወልኩ፤ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ በኋላ እንደሚደውሉ የሚገልጽ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ሥራ እንደሚበዛብዎት ስለማውቅ አልተቀየምኩም፤ ብቻ ያ «በኋላ» የተባለው ጊዜ እስከ ዛሬ አልደረሰም።

ከዚያ በሚኒባስ ወደ አሰላ ይዣት ወረድኩ። መንገድ ላይ ትቀባዥር ነበር፤ «ወልዴ፣ መስኮቱን ዝጋው፣ ልጆቹን ብርድ ይመታብኛል» ትለኝ ነበር። ልጆቻችን አድገው ከቤት ከወጡ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ መስኮቱም ዝግ ነበር። እኔ ግን እጄን ሰድጄ የዘጋሁ መሰልኩላት። አሰላ ላይ ደሟን እንዳዩ ወባ መሆኑን ለመናገር አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀባቸውም። ግን ወደ ጭንቅላቷ ወጥቶ ነበርና በማግስቱ አረፈች።

ይህን ስጽፍ እንባ አልመጣልኝም። በድንኳኑም ውስጥ ሰው ሁሉ አሁን ያለቅሳል ብሎ ሲያየኝ፣ እኔ የማስበው የእድሩ ወንበሮች ለሚቀጥለው ቀብር ሳይሰበሩ ስለ መመለሳቸው ነበር። ከውስጤ የሆነ ነገር ደንዝዟል፤ ይለቀኝ እንደሆነም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ክስ አድርገው እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ የቦርድ አባል ሊሆን የታጨ ሰው የጤና ሁኔታውን መግለጽ ስላለበት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ማጽናናትዎ። በሠልስቱ ከልዑካንዎ ጋር ድንኳናችን ድረስ መጥተው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ቆሎ ዘግነዋል፣ ራስዎን ነቅንቀዋል፣ «ጋሽ ወልደ ሚካኤል፣ እንደ እርስዎ ያለ የተከበረ ሰው ለቦርዳችን ያስፈልገናል» ብለዋል። ሐዘንተኛ ለመጣለት ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ነው የሚለው፤ እኔም አልኩ፤ እርስዎም እሺ እንዳልኩ ቆጠሩት። ስለ ማይክሮስኮፑ ምንም ስላላነሡ ነገሩን ያላወቁ መስሎኝ ነበር። ሰው ልኬ እንዲመልሱልን በጠየቅሁ ጊዜ ግን «ከግምገማው በኋላ ይመለሳል» የሚል መልስ ስለ ሰጡኝ፣ እንደሚያውቁ ተረድቻለሁ። እንኳን አወቁ።

ከልዑካንዎ ጋር ድንኳን የመጣች መቅደላዊት የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎ ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርታ አጠገቤ ቁጭ አለች። የመውጫ ፈተናዋ እየደረሰ ነው። በማይክሮስኮፕ እንድታይ የተፈቀደላት አንድ ቀን ብቻ መሆኑን፣ እሱም ገምጋሚዎቹ በመጡ ዕለት ፎቶ ለመነሣት መሆኑን፣ ያን ዕለትም ያየችው የገዛ ሽፋሽፍቷን መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ እሷ አለቀሰች። እኔ ማጽናናት ስለነበረብኝ አጽናናኋት፤ በገዛ ለቅሶዬ አጽናኝ የሆንኩት በእርስዎ ቦርድ ቸርነት ነው።

እንግዲህ ወደ መልሴ ልምጣ። ልጆቼ በስልክ እንቢ በል ብለውኛል፤ የእድራችን አባላትም ስምህን ለእነሱ አታውስ ብለውኛል። ለበርካታ ቀናት አሰብኩበት። ሐሙስ ባልመጣ ወንበሩ እንደገና ባዶ ይሆናል፣ ግምገማውም ይተላለፋል፣ ማይክሮስኮፑም እስከ ሌላ ቀጠሮ ድረስ ሪባኑን እንዳሰረ ይቆያል። በዚህ ሳምንት እንኳ ጎረቤታችን ሳምራ፣ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከኦጎልቾ በተመለሰች በሳምንቷ አንቀጥቅጧት ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር። ኢፍቱ አሁን ታይፎይድ ነው አትልም፤ በቀጥታ ወደ አሰላ ሂጂ አለቻት። ሳምራ ሚኒባሱ እስኪሞላላት ልብስ ተደራርቦላት መናኸሪያ ውስጥ ስትጠብቅ አየኋት፤ አሰላ ደርሳ መድኃኒት ስለተሰጣት ያን ቀን ተርፋለች፤ ትኩሳቱ ግን ትቷት እየተመለሰ ስለሆነ ደሟ እንደገና መታየት አለበት።

ስለዚህ ሹመቱን በደስታ ተቀብያለሁ። ሐሙስ በአካል እገኛለሁ፣ ወንበሩም ባዶ አይሆንም፣ ግምገማችሁም በእኔ ምክንያት አይፈርስም። በምትኩ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገምጋሚዎቹ መኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ፣ እዚያው ፊታቸው፣ ማይክሮስኮፑ ለጤና ጣቢያው እንዲመለስ ነው።

ለጥራት ባለዎት ጽኑ ፍቅር እጅግ እየተገረምኩ፣ በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሆነው መቀመጥ ለቻሉበት ጥበብ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ አምላክ ዕድሜዎን ከሥልጣንዎ ጋር እንዲያረዝምልዎ ከእነ ሐዘኔ እየለመንኩ እሰናበትዎታለሁ።

አክባሪዎ
ወልደ ሚካኤል
የሟች ወይዘሮ አሰፋች ባለቤት፣ የእድር ዳኛና የቦርድዎ አዲስ አባል

ማሳሰቢያ፦ ማኅበረሰቡን እንድወክል ስለጠየቁኝ ማኅበረሰቡን አማክሬዋለሁ። የእድራችን ጡሩምባ ከቀብር በቀር ለሌላ ነገር ተነፍቶ አያውቅም ነበር፤ ባለፈው እሑድ አባላቱ ተሰብስበው ከቀብር በፊትም መንፋት እንደሚቻል በሙሉ ድምፅ ወስነዋል። ለፋፊያችን ጋሽ ቱሳ ትናንት በአማርኛም በኦሮምኛም ከገበያው እስከ ወፍጮ ቤቱ እየዞሩ ትኩሳት ያለበት፣ ብርድ ብርድ የሚለው፣ ከቆላ የተመለሰ ሁሉ ሐሙስ ጠዋት ዩኒቨርሲቲው ግቢ እንዲገኝ ለፍፈዋል። ኢፍቱ ፈቃድ ወስዳ ትመጣለች፤ መቅደላዊትና ጓደኞቿም አብረዋት ይቆማሉ። ባጃጅም ጋሪም ተይዟል፤ ሳምራ በመክፈቻው ላይ የምትቀመጠው ከፊተኛው ወንበር ነው። ገምጋሚዎቹ ላቦራቶሪውን በሥራ ላይ ሆኖ ማየት ይፈልጋሉ ብለው በደብዳቤዎ ጽፈውልኝ ነበርና ያያሉ። የታመመ ሰው ብዙ መቀመጥ ስለማይችል፣ የመክፈቻ ንግግርዎን አደራ አጭር ያድርጉልን።