ከሰባተኛው ቀን በፊት የተጻፈ ስም

ይድረስ ለወንድሜ ለኢዘዲን፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እዚያ ሙቀቱ ጀምሯል ይላሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። «ደህና ነን» ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆመ። ግን እናታችን ትሰግዳለች፣ እህል ትቀምሳለች፤ ደህና ነን።

ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር። ገና ስጀምርልህ ሳቅህና «የሴቶች ነገር» ብለህ ዘጋኸው። ስለዚህ ጻፍኩት። ሾፌሩ ፍቅሩ ነገ ወደ ወደብ ስለሚወርድ በእጅህ ይሰጥሃል። እባክህ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ለባለቤትህ ለዘይነባ ከመውለዷ በፊት ቤቢ ሻወር አዘጋጂላት፣ ስጦታው ሁሉ የልጁ ስም ባለበት ወረቀት ይጠቅለል ያልከኝ አንተ ነህ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ስለሆንኩ እኔም ደስ አለኝ። ካኪ ወረቀት ገዛሁ። ድንች ለሁለት ከፍዬ የማንጎ ቅጠል ቀረጽኩበት፤ የማህተም ቀለም እየነከርኩ አተምኩ። ቅጠሉ መሐል ስሙን በብዕር ጻፍኩ። ሃያ ሁለት ጊዜ። ጎረቤቶች ቀድመው ያመጡልኝን ስጦታ ጠቅልዬ በቃጫ አሰርኩት።

አምሮ ነበር። ጥፋቴም እዚያ ላይ ነው። ስሙ በስምንት ወሩ ሆዷ ውስጥ ለሞተባት ለመጀመሪያው ልጅ ያወጣኸው መሆኑን አውቃለሁ። ያኔም ስም የሚወጣበት ሰባተኛው ቀን ሳይደርስ፣ ልጁ ሳይወለድ ነበር የጠራኸው። አውቃለሁ፤ ግን ፊደሉ እንዳይጣመም ብቻ ስጨነቅ ዋልኩ።

እትዬ ቡርቱካን ከደጅ ሆነው ሲያዩት «አንቺ ናጅዋ! ልጁ ሳይወጣ መታወቂያ አወጣሽለት? እኛ እንኳ ክርስትና እስኪነሳ እንታገሣለን» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ዘይነባ አንዱን አነሳች፣ አነበበች፣ በስሙ በኩል ወደ ታች ደፋችው። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ሳቁ ቆመ። ሃያ ሁለቱንም አንድ በአንድ ደፋቻቸው፤ አንዱንም አልፈታችም። በነጋታው ግራና ከተማ ወዳለው እናቷ ቤት ሄደች።

ረቡዕ ተከትያት ሄድኩ። ሐኪሙ ያለውን ታስታውሳለህ፦ ባለፈው የወለደችው በቀዶ ጥገና ስለሆነ ምጥ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም፤ ግንቦት 28 ወልድያ ሆስፒታል መግባት አለባት። አልሄድም አለች። ለመንኳት። «ስሙን ይዛችሁ እናንተው ሂዱ» አለችኝ። ቀጥላም «ያ ስም የሟቹ ነው። ይሄኛው ገና ስም የለውም፤ ስም እስከሌለው ድረስ ሞትም የሚጠራበት የለውም» አለች። ስም የለውም ብዬ ማልኩላት። አንቺ አይደለሽም ያወጣሽው፣ አባቱ ይበል አለችኝ።

ወረቀቶቹን ፈትቼ ሰብስቤያቸዋለሁ። የአላህ ስም ያለበት ስም ስለሆነ ቆሻሻ ላይ አይጣል፤ ማቃጠሉንም እጄ እምቢ አለ። ሥራ ቦታ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫቸው ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ሰው ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ መጥቶ ሲያናግረኝ ሁለቴ ካልጠራኝ አልሰማም።

ወንድሜ፣ ያኔ ሬሳውን አላየህም። ጅቡቲ ነበርክ። እሷ ግን አቅፋው ነበር። ለዚህ ነው አንተ የምትስቀው፣ እሷ የማትስቀው። በእናቷ ስልክ ደውልላት። ምክር አትስጣት፣ አጉል እምነት ነው አትበላት። ስሙን መልሻለሁ በላት። እንደ ወጉ በሰባተኛው ቀን፣ ልጁን አይተን፣ አብረን እናወጣለን በላት። ሌላ ምንም አትጨምር። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።

እናታችን «ዱዓዬ አይለይህ» ትልሃለች። አክስታችን ሁሪያ ከሐራ መጥታ ሰንብታለች፤ ጉንጭህን ትስማለች። እትዬ ቡርቱካን በቀልዳቸው ተጸጽተው ይቅር በሉኝ ይላሉ፤ ሰላም ብለውሃል። አብረውህ ለሚኖሩት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ዘይነባን ለኢዘዲን ምን ልበልልሽ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከእሷ ብዬ የምጽፍልህ የለኝም።

እህትህ ናጅዋ
መርሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.