ጠማማው ከፊት

መጋቢት 4
ቁርስ፣ ከትናንት የተረፈ ካሳቫ። የሬዲዮው ባትሪ አልቋል። የመንደሩ ሴቶች ዛሬም የባሕሩ ዳር ጭቃ ውስጥ ናቸው... ሦስተኛ ጊዜያቸው። ማንግሮቭ፣ የባሕሩን ዛፍ፣ ይተክላሉ፤ ማዕበሉ ይነቅልባቸዋል። ከመስኮቴ አያለሁ። ለምን እንደሚሞትባቸው አውቃለሁ። ማን ጠየቀኝ?

መጋቢት 11
ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወደ ባለቤቴ ወደ ሪዚኪ መቃብር ሄድኩ። ባሕሩ የመቃብሩን አጥር አንድ ጥግ በልቶታል። ከራስጌዋ እስከ ውሃው አሥራ አንድ እርምጃ። አምና አሥራ ዘጠኝ ነበር። ከድልድዩ የመኪናው ጩኸት ሳይቀር ይሰማል። ዱሮ ዛፉ ይውጠው ነበር።

መጋቢት 12
ልጻፈው። ዕድሜዬን ሙሉ የማንግሮቭ ምሰሶ ቆራጭ ነበርኩ። የሞምባሳ አሮጌ ቤቶች ጣሪያ በእኔ እንጨት ቆሟል። ቀጥ ያለው የሚበቅለው ከኋላ ነው። ከፊት ሆኖ ባሕሩን የሚጋፈጠው ጠማማው ነው፤ ለጣሪያ አይሆንም። በመጨረሻው ዓመት እሱንም ለዳቦ ቤት ማገዶ ቆረጥኩት። "የፊቱን ተወው ባካሪ፣ የባሕሩ በር እሱ ነው" ብላኝ ነበር ሪዚኪ። "ጠማማ እንጨት ምን በር ይሆናል?" ብዬ ሳቅኩባት እንኳ...

መጋቢት 20
ዝናብ። ማንም አልመጣም።

መጋቢት 27
ወረድኩ። ጭቃው እስከ ጉልበት። አለቃቸው ምዋናሲቲ ቀና አለች።
"አባባ ባካሪ፣ የተረፈ ዛፍ ፍለጋ ነው?"
ሴቶቹ ሳቁ። ይገባቸዋል።
"ረጅሙን ዘር የምትተክሉት ለመትከል ስለሚቀል ነው" አልኳት። "እሱ የኋላ ዛፍ ነው። ከፊት ጠማማው ነው የሚቆመው፣ ፍሬው ክብ የሆነው።"
"ይህን ሁሉ ጊዜ በመስኮት እያዩን?"
"አዎ።"
"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"
"የፊቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"
ማንም አልሳቀም። ምዋናሲቲ መትከያውን እንጨት አቀበለችኝ።
"እንግዲህ የቆረጠ ይትከላ።"

ሚያዝያ 15
ከማዶ ዳርቻ የጠማማውን ችግኝ በጀልባ አመጣን። ከፊት ተከልነው፣ ረጅሙን ከኋላ። ወገቤ...

ሰኔ 2
ትልቁ ማዕበል አለፈ። ከመቶ ሃያ ችግኝ ሰማንያ አራቱ ቆመዋል።
ጠዋት ምዋናሲቲ ከደጅ ተጣራች። "አባባ፣ ውሃው ሸሽቷል፣ ይውጡ እንጂ። ወይስ መስኮቱ ናፈቀዎት?" መስኮቱን ዘግቼ ወጣሁ።
ስመለስ በመቃብሩ በኩል አለፍኩ። ዘጠኝ እርምጃ። ባሕሩ ሁለት ጨምሮ ወስዷል። ዛፉ በር እስኪሆን አሥር ዓመት ይፈልጋል። ያኔ ሰማንያ ሦስት ዓመት ይሆነኛል። ለሪዚኪ ይደርስላት ይሆን? አላውቅም።
"ጠማማውን ከፊት አደረግነው" አልኳት።